በሙቅ ውሃ የታጠበው ሸክላ

የምተዳደረው በልዋጭ ነው። በገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ባልዲ፣ ጆግ፣ ሳፋና ብርጭቆ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ሰው ደግሞ ያረጀ ልብስ፣ የተበሳ ድስት፣ መናገር ያቆመ ራዲዮ ይዞልኝ ይመጣል። ተስማምተን እንለዋወጣለን። ገበያ በሌለበት ቀን ዕቃዬን በገመድ አስሬ ወደ ገጠር እወጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አንዲት ልጄን ያሳደግኳትም ያስተማርኳትም በዚህ ነው። ዛሬ መምህርት ናት። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሸክላ መግዛትና መሸጥ የጀመርኩት ሳላስበው ነው። አንዲት ሴት ካመጣችልኝ አሮጌ ልብስ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ተጠቅልሎ አገኘሁ። ለምን እንደሚሆነኝ ስላላወቅኩ መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍኩና የምጠጣበትን ጆግ ከደንኩበት። እንዲህ ሆኖ ሲኖር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ፊቴ ቆመ።

«እናቴ፣ ይቺን ክዳን ይሸጡልኛል?»

«ጆግ ሞልቶልህ ክዳን ምን ያደርግልሃል?»

«ጆግ ቤቴ አለ።»

«ቀዳዳ ነው፤ ኋላ እንዳትመልስልኝ።»

«ቀዳዳ ባይኖረው አልገዛዎትም ነበር» ብሎ ሳቀ።

አሮጌ ሸክላ ከየአገሩ እየገዛ አዲስ አበባ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ጨርቁን ነቅሎ፣ ሸክላውን በሁለት መዳፉ መሐል በጠርዙ ያዘና ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ጭረቱን መረመረ።

«ጃዝ ነው» አለኝ። «ቃል የለበትም፤ መሣሪያ ብቻ ነው የሚጫወተው። አሁን ፈላጊው የበዛው እንዲህ ያለው ነው። በየቤቱ ተጥሎ የቀረ ይኖራል፤ እርስዎ ደግሞ የማይገቡበት ቤት የለም። ቢሰበስቡልኝ በደህና ዋጋ እገዛዎታለሁ።»

ቃል የለበትም ሲል እጄ ሥራውን ተወ።

«ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ዋንጫ የተሳለበት አጋጥሞህ ያውቃል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እሷን እርስዎ ከየት ያውቋታል?»

«ሲወራ ሰምቼ ነው።»

«በፎቶ አይቻታለሁ። እጄ ገብታ ግን አታውቅም።»

«እሰበስብልሃለሁ» አልኩት። «እሷ የተገኘች ቀን ግን መጀመሪያ የምሰማት እኔ ነኝ።»

በዚህ ተስማማን። ለምን እንዳልኩት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

የሰማሁት ከወንድሜ ነው። አባቴ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ወንድም ጋሼ የበኩር ልጃቸው ነው፤ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ድጓቸውን የሚያወርሱት ለእሱ ነበር። ጎረምሳ ሳለ ግን አንድ ቀን ቡሬ ገበያ እንደወጣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገብቶ ሳክስፎን እንደሚነፋ ተሰማ። አባዬ «ጡሩምባ ነፊ ሆነልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አንሥተው አያውቁም።

አንድ ጊዜ መጣ። እኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። አባዬ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ከደጅ ግንድ ላይ አብረን ተቀመጥን። ከመንፋት ብዛት የታችኛው ከንፈሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረው።

«ሸክላ ላይ ነፍቻለሁ» አለኝ።

«ሸክላ ምንድን ነው?»

«ድምፅ የሚቀመጥበት ሰሐን ነው።»

ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ።

«ቢጫ ወረቀት አለው፤ ዋንጫ ተስሎበታል። የተጻፈበት የአለቃችን ስም ነው፤ የእኔ የለም። ግን መጨረሻው ላይ ሁሉም ዝም ይሉና እኔ ብቻ እቀራለሁ። አባዬ ዜማውን ከማሳረፋቸው በፊት እንዴት እንደሚያነሡት ታውቂ የለ? እንደሳቸው አድርጌ ነው የዘጋሁት።»

እንዴት አላውቅ! ሌሎች መምህራን ወደ ታች ወስደው የሚያሳርፉትን አባዬ ትንፋሽ ወስደው፣ ጥቂት ከፍ አድርገው፣ እዚያው ላይ ይተዉት ነበር። ልማድ ሆኖባቸው ነው። ከሌላ ደብር የመጡ ተማሪዎች መጀመሪያ ይስቁበታል፤ ሲሄዱ ግን ይዘውት ይሄዳሉ።

አባዬ ሲመጡ ወንድም ጋሼ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይባርክህ» አሉት። ሌላ አልጨመሩም። በማግስቱ ተመለሰ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የሙዚቃ ክፍሉም ከጦሩ ጋር ዘመተ ተባለ። አልተመለሰም። ሞቷል ብሎ የነገረንም የለም። እናቴ ተዝካሩ ይውጣ ስትል አባዬ «ላልሞተ ሰው ተዝካር አይወጣም» አሉ። ሁለቱም ደጅ ደጁን እያዩ አረፉ። እኔ ፎቶግራፉ እንኳ የለኝም። ከልጅነቴ ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል፤ ፊቱም እየራቀኝ ነው። ድምፁን ግን አንድ ቦታ እንዳስቀመጠው ነግሮኝ ሄዷል።

ደግሞ ይህን አስታውሳለሁ። ሙዚቃ የከፈተ አውቶብስ በመንገዱ ሲያልፍ አባዬ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ተማሪዎቻቸውን ዝም ያሰኙ ነበር። ስለሚረብሻቸው ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም።

ሥራውን እንዲህ ጀመርኩት። ነጋዴው ሸክላ አያያዝ አስተማረኝ፤ ፊቱን በጣት አለመንካት፣ አንዱን ባንዱ ላይ አለመጫን፣ ሙቀት ስለሚያጣምመው ከምድጃ ማራቅ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻም ተወልኝ። ሸክላ የባለጠጋ ቤት ዕቃ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። ደምበጫ ላይ ከቁም ሣጥን እግር ሥር ተሸጉጦ አገኘሁ። ቡሬ ላይ ከተዘጋ ጠጅ ቤት ጓዳ ከነካርቶኑ አወጣሁ። አንዷ ጤፍ የምታሰጣበት ቦታ ላይ ወፍ እንዲያስደነግጥላት በክር አንጠልጥላዋለች። ሌላዋ «ክፉ መንፈስ አለበት ይሉናል፣ ውሰጅልን» ብላ ሳፋ እንኳ ሳትቀበለኝ ሰጠችኝ።

ደምበጫ ያሉት ጡረታ የወጡ መምህር ግን የያዙትን በቀላሉ አይለቁም።

«አንቺ ሴት፣ ማኅበርተኛ ናት ሲሉሽ ሰምቼ ነበር፤ ሸክላ አሳዳጅ መሆንሽን አልነገሩኝም» አሉኝ።

«ቃል የሌለውን ብቻ ነው የምሰበስበው፣ ጋሼ።»

«ቃል የሌለውማ ይብሳል። ሰው የራሱን ይጨምርበታል።»

የሻይ ብርጭቆዎች ዘረጋሁላቸው። እሳቸውም ስቀው የሻይ ብርጭቆዎቹን ተቀበሉኝና ሁለት ሸክላ አወጡልኝ።

የሰበሰብኩትን ለነጋዴው ከማስረከቤ በፊት መጨረሻ መጨረሻውን እሰማለሁ። ቢጫ ወረቀት ባይኖረውም እሰማለሁ፤ ወንድሜ ቀለሙን ተሳስቶ እንደሆነስ? ልጄ ትስቅብኛለች።

«እማዬ፣ ሰው ሙዚቃ ከመጀመሪያው ነው የሚሰማ።»

«እኔ ከመጨረሻው ነው የምጠብቀው።»

«ባለሙያዎቹ ቢሰሙሽ ሸክላቸውን ይቀሙሽ ነበር።»

ዓመታት እንዲህ አለፉ። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ይቀራል፤ ሲከፈት ይመጣል። የወሰደውን ሁሉ በክብር ገዝቶኛል፤ ቤቴም ጎድሎበት አያውቅም። ያቺ ግን አልመጣችም። አንዳንድ ቀን ሌላ ሰው ባገኛትና ባልሰማሁት ይሻላል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ይቅር በለኝ እላለሁ።

ሁዳዴ በገባ በሰሞኑ አንዲት የቡሬ ገጠር ሴት ጀሪካን ልትለውጥ መጥታ ዕቃዬን ስታገላብጥ ሸክላ አየች።

«ይቺማ የጎረቤታችንን ክዳን ትመስላለች» አለች። «እሜቴ የጠላ ጋናቸውን የሚከድኑባት። የእሳቸው ግን ቢጫ ወረቀት አላት፤ ዋንጫ ነገር አለባት።»

እንደገና አስነገርኳት። ደግማ ነገረችኝ። «ለማንም እንዳይሰጡብኝ። በሚመጣው ሳምንት እመጣለሁ በያቸው» ብዬ ጀሪካኑን ያለ ምንም ሰጠኋት። ሳምንቱ አልገፋ አለኝ።

ከቡሬ በእግሬ ገባሁ። ማሳው ታጭዶ ባዶ ነው፤ ነፋሱ ገለባ ያነሣል። በአባዬ ደብር በኩል ሳልፍ ከውጭ ተሳልሜ ቀጠልኩ። እሜቴ ከደጃቸው ሆነው ይጠብቁኛል። ዕድሜያቸው ከእናቴ ዕድሜ የሚደርስ፣ ጎንበስ ያሉ ባልቴት ናቸው።

«ነይ ግቢ ልጄ። የምሰጥሽ ነገር የለኝም፤ ሰዓቱ አልደረሰም» አሉኝ።

«እኔም አልቀምስም እሜቴ፤ ጾመኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ዕቃሽን አምጥቼ ላሳይሽ። እንግዳ መጥታ ትወስደዋለች ሲሉኝ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም፤ ራሴ ነኝ ያጠብኩት። ስንት ዘመን ጋን ላይ ተቀምጦ አተላውና ጭሱ ተጋግሮበት! በቀዝቃዛ ውሃ አልለቅ ብሎ አስቸገረኝ። ኋላ ውሃ አፍልቼ፣ ዘፍዝፌ፣ በእንዶድ አጠብኩት።»

ውሃ አፍልቼ ሲሉ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

በነጭ ነጠላ ጠቅልለው አመጡት። ቢጫው ወረቀት ደብዝዟል፤ ዋንጫው ግን ይታያል። ዙሪያው እንደ ጎመን ቅጠል ተሸብሽቧል። ጥቁሩ እንደ መስታወት ያበራል።

«ትንሽ ምጣድ ላይ እንደተረሳ ቂጣ ተነሣብኝ» አሉ በሐሳብ እያዩት። «ግን ጸድቷል አይደል?»

«ጸድቷል እሜቴ» አልኩ። «እጅዎ ይባረክ።»

ሌላ ምን ልበል? እኔ እመጣለሁ ብዬ ባልልክ ኖሮ አያጥቡትም ነበር። ላከበሩኝ ሰው ፊቴን ላጠቁርባቸው አልወደድኩም።

«ሲጫወት ሰምተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ቡሬ ላይ ጠጅ ቤት ነበረን። የልጆቼ አባት ነው የገዛው። ሲጀምር ጠጪው ይንጫጫል፤ ማንም አይሰማውም። መጨረሻው ላይ ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። ምን እንዳለው እንጃ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ‹ይቺን የነፋት የቄስ ልጅ ነው› ይሉ ነበር። ባሌ ‹ኧረ እባክዎ፣ የቄስ ልጅ ምን ሊሠራ እዚያ ይሄዳል?› ይላቸዋል።»

ያመጣሁትን ዕቃ ሁሉ አወረድኩላቸው።

«ለአንድ ክዳን? አበድሽ ልጄ?»

«ክዳንዎን ስለወሰድኩብዎ ነው» ብዬ አንዱን ሳፋ በጋኑ አፍ ላይ ደፋሁላቸው። ልክ ሆነ። ደስ አላቸው።

ስመለስ ከአባዬ ደብር ዛፎች ሥር ተቀመጥኩ። ነጠላውን ገልጬ ሸክላውን በጠርዙ ይዤ ወደ ፀሐይ አዘነበልኩት። መስመሮቹ አልጠፉም፤ ዙሪያውን ግን እንደ ማዕበል ይወጣሉ ይወርዳሉ። መርፌ እንዲህ ባለ ነገር ላይ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ይህን ያህል ዘመን ጭስና አተላ ያልጎዳውን የአንድ ቀን ደግነት ጎዳው። መማረር ግን አልቻልኩም። ጋን ላይ ያቆየውስ ማን ነው?

ቤት ስደርስ ልጄ ሸክላውን ፎቶ አንሥታ ለነጋዴው ላከችለት። ወዲያው ደወለ።

«እናቴ፣ እሷው ናት!» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። «ምን ነካት?»

«ታጠበች።»

«በምን?»

«በሙቅ ውሃ።»

«እንዲህም ሆና እገዛዎታለሁ» አለ፤ «ለወረቀቷ ስል። ለማቃናት እንዳይሞክሩ ብቻ፤ ይብስባታል።»

ልጄ ማጫወቻውን አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «እንሞክረው እማዬ።»

«ጾም ነው።»

«ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም። አጎቴ ነው።»

በማግስቱ ሄጄ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ነገሩን ሁሉ ሰምተው፣ መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ።

«የናፈቀሽ ሙዚቃው ነው ወንድምሽ?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው አባቴ።»

«እንግዲያው እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ፈቀዱልኝ ማለት ነው። እኔ ግን እስከ ፋሲካ ላቆየው ወሰንኩ። ለወንድም ጋሼ ጸሎተ ፍትሐት አልተደረሰለትም፤ ዝክር አልተዘከረለትም፤ ለነፍሱ ከቤታችን የወጣ አንዲት እንጀራ እንኳ የለም። ቢያንስ ይህቺን መጠበቅ ለእሱ ልስጠው አልኩ። ሸክላውን ከሥዕለ አድኅኖው ግርጌ፣ በእሜቴ ነጠላ እንደተጠቀለለ አኖርኩት። ስጸልይ ከፊቴ ነው። ባይናገርስ እላለሁ፤ ቢናገርና እሱ ባይሆንስ እላለሁ። ካልሰማሁት ወንድሜ እዚያ ውስጥ አለ። ከሰማሁት በኋላ ግን ላይኖር ይችላል። የዚያ ሁዳዴ ከባዱ ነገር ረኃቡ አልነበረም።

የፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ በልቶ ከሄደ በኋላ፣ ልጄ በሩን ገርበብ አደረገችው። ሸክላውን ፈትቼ ሰጠኋት። መርፌውን መጀመሪያው ላይ ስታስቀምጠው አሽቀንጥሮ ጣለው። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋ ሞከረች፤ ጣለው። ሦስተኛም እንዲሁ። ፊቷን ወደኔ ሳታዞር «እማዬ...» አለች።

«ወደ መጨረሻው አድርጊው» አልኳት።

ከቢጫው ወረቀት አጠገብ፣ ውሃው ብዙም ያላጣመመው ጥቂት ቦታ ነበረ። እዚያ ስታስቀምጠው መርፌው ከፍ ዝቅ እያለ ያዘ። ከበሮ ተሰማ፤ ሌሎችም መሣሪያዎች ነበሩ፤ ድምፃቸው ከሸክላው ጋር ይዋዥቃል። አንድ በአንድ ተዉት። ሳክስፎኑ ብቻ ቀረ። ወደ ታች ወረደ፤ ሊያሳርፍ መሰለኝ። ትንፋሽ ሲወስድ ተሰማ። ጥቂት ከፍ አደረገውና እዚያው ላይ ተወው።

መርፌው ባዶውን መዞር ጀመረ።

ልጄ አላነሣችውም። እኔ በእጄ ጉልበቴን ይዤ ነበር፤ ወንድም ጋሼ የአባዬን ጉልበት ሲስም ትዝ ብሎኝ። አባዬ ይህን ሳይሰሙ መሄዳቸው አንገበገበኝ። «ጡሩምባ ነፊ» ያሉት ልጃቸው ከእሳቸው የወረሰውን ይዞ ነበር የሄደው።

ሁለተኛ አጫወተችው። እንባዬን አልከለከልኩትም። ፋሲካ ነው፤ ግን አልከለከልኩትም።

ነጋዴው በሰሞኑ መጣ፤ የወንድሜንም የአባዬንም ነገር ነገርኩት። ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

«አንድ ነገር ልበልዎት፣ አይዘኑብኝ» አለ። «ጠማማ ሸክላ ድምፅ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ያ ከፍ ያለው ከጥመቱ ሊሆን ይችላል።»

«የጥመቱ ከፍ ይልና ይመለሳል» አልኩት። «ይሄ አልተመለሰም። ደግሞ ጥመት ትንፋሽ አይወስድም።»

እንደገና ሰማ። ከዚያ ማጫወቻውን ራሱ ዘጋው።

«እውነትዎን ነው» አለ። ይሽጡልኝ አላለኝም። የተቀሩትን ሸክላዎች ብቻ በካርቶን አድርጎ ተነሣ። ደጅ ስሸኘው «ሌላ ያልታጠበ ባገኝ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«መጀመሪያውን አሰማኝ።»

«መጀመሪያው ላይ ወንድምዎ የሉበትም እኮ።»

«ተራው እስኪደርስ ምን ሲሰማ እንደቆየ ማወቅ እፈልጋለሁ» አልኩት።

እስካሁን አላገኘም። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ስልኩ ሲጮኽ ልቤ ይቀድመኛል።

ፋሲካ እንዳለፈ፣ ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ልሸኘው ወስኜ፣ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ የወንድሜን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። በሰኔ ጾም፣ ዝናሙ ሳይጠና፣ በአባዬ ደብር ጸሎተ ፍትሐት ተደረሰለት፤ ተዝካሩም ወጣ። ምሥር፣ ሽሮ፣ ዳቦና ጠላ አቀረብን። ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰማሁ። በዚያ ግቢ ከተጠራ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ቀሳውስቱ ዜማውን ሲያሳርፉ ወደ ታች ወሰዱት። እንደ አባዬ የሚያነሣ ከእነሱ መሐል አልነበረም። ያ ልማድ እኔ እስከማውቀው አሁን የቀረው በአንድ ጠማማ ሸክላ ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ ነው።

እሜቴ በሰው ተደግፈው መጥተው ነበር። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው። ጥቂት ከቀመሱ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ ያ ዕቃ በደንብ ጸድቶ ነበር? ዓይኔ አጥርቶ ስለማያይ እንዲያው ሲከነክነኝ ነው የከረመ።»

«ጸድቶ ነበር እሜቴ» አልኳቸው። «አንድም አቧራ አልነበረበትም።»

«ተመስገን» አሉ፤ ዳቧቸውንም ጨረሱ።